ጣናን የሚመስል ቤት

በዚህ እትም የቤት ውስጥ አደረጃጀት ዓምዳችን በጣና ዙሪያ ቤት ከሠሩ አንባቢያን የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ጉዳዮችን ስላነሣ ሰፊውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ሦስት ክፍል ያላት የእንጨትና የጭቃ ቤት ሠርተናል። ግድግዳው ተመርጓል፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ለብሷል፤ የቀረው የውስጡ ሥራ ነው። ምኞታችን ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ሲመጡ አረፍ የሚሉባት፣ ገብተው ሲቀመጡ መንፈስን የምታሳርፍ ቤት እንድትሆን ነው። ባለሙያዎቹ ግን ባለ ቀለም መብራት ያለው የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ጠቆር ያለ መስታወትና ሰማያዊ ቀለም ያስፈልጋታል ይሉናል። ልጄም የውጭ አገር የባሕር ዳርቻ ቤቶችን ሥዕል ከስልኳ እያሳየች «ነጭና ሰማያዊ ይሁን» ትላለች። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ልብዎ ያልተቀበለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ልጅዎ የምታሳይዎ ቤቶች የተሠሩት በጨዋማ ባሕር ዳር ነው፤ በዚያ ውኃው ሰማያዊ፣ አሸዋውም ነጭ ስለሆነ ቤቱ ነጭና ሰማያዊ ሲቀባ ደጅ ያለውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ጣና ግን እንዲህ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ተሸክመውት የሚመጡት ደለል በክረምትና በክረምቱ ማግሥት ውኃውን ቡናማ ያደርገዋል፤ በበጋ ማለዳ ሐይቁ ብር ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ አመድማ አረንጓዴ ያደላል። ዳርቻውም ጥቁር ድንጋይ፣ ደንገልና ቄጤማ እንጂ ነጭ አሸዋ አይደለም። ሰማያዊ ግድግዳ ባለው ክፍል ተቀምጠው በመስኮት ወደዚህ ውኃ ቢመለከቱ፣ ዓይን አንዱን ከሌላው ጋር ስለሚያስተያይ ሐይቁ ከሆነው በላይ የደፈረሰ ይመስልዎታል። ግድግዳው የጭድ ወይም የሣሣ ምርጊት መልክ ቢኖረው ግን ያው ውኃ አብርቶ ይታይዎታል። ከደጅዎ ያለው ሐይቅ ጣና ከሆነ ቤትዎም ጣናን መምሰል አለባት የምለው ስለዚህ ነው።

ከቀለሙ በፊት ግን ብርሃኑን ማወቅ ይገባል። ቤትዎ በደቡባዊው ዳርቻ ላይ ስለሆነች ውኃው የሚታየው በሰሜን በኩል ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትልቅ ጸጋ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ብትሻገርም ቀትር ላይ ከአናት የምትርቀው ቢበዛ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ አጭር የጣሪያ ክፈፍ ይከልላታል። በግንቦትና በሰኔ ማለዳና ምሽት ላይ ጨረሯ በአግድም ይገባ ይሆናል እንጂ፣ በሐይቁ በኩል ያለው መስኮትዎ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የማያቃጥልና እምብዛም የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጥዎታል። እንዲህ ባለው መስኮት ላይ ጠቆር ያለ መስታወት ማስገባት ሐይቁን ዘወትር ደመና የወረደበት ማስመሰል ነው። ጥርት ያለውን መስታወት ያስገቡ፤ ለጥላ ያሰቡትን ገንዘብ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ለሚመታው ለደቡቡ ግድግዳ ያውሉት።

ነፋሱም እንዲሁ የታወቀ መንገድ አለው። ቀን ቀን መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በሰሜኑ መስኮት ትይዩ በደቡቡ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ መስኮት ካለ ነፋሱ ቤቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ጭቃው ሳይጠና ይህን መስኮት ማስከፈት ከየትኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ስለ እርጋታ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ቅርባችን ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ይመስለኛል። ከጀልባው ወርደው በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ነው የሚደርስዎ፤ በቅጥሩ በር ሲያልፉ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀበልዎታል፤ ከዚያ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ሲገቡ ይበልጥ ደብዘዝ ይላል፤ ዓይንዎ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር የተጣበቁት ሥዕሎች ቀይና ቢጫቸው ደምቆ የሚታዩት። ያ ቦታ የጸሎት ስፍራ ነውና መኖሪያ ቤትን እርሱን ለማስመሰል መሞከር አይገባም። ነገር ግን የሠሩት አባቶች የተረዱት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ከኃይለኛ ፀሐይ በአንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢገባ መንፈሱ አብሮት አይገባም፤ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ሲቀበለው ግን ድምፁ እንኳ ሳይነግሩት ዝቅ ይላል።

ይህን በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። በመግቢያዎ በኩል ወርዱ 2 ሜትር ያህል የሆነ በረንዳ ይኑር፤ በዚያ ላይ እንግዳ ጫማውን የሚያወልቅበትና ትንፋሹን የሚሰበስብበት የድንጋይ ወይም የጭቃ መደብ ይሠራ። ቀጥሎ ያለው የመቀመጫ ክፍል በሐይቁ በኩል ሰፊ መስኮት፣ በሌላው በኩል ያችኑ ትንሽ የነፋስ መስኮት ብቻ ይኑረው። መኝታ ክፍሎቹ ደግሞ ከሁሉ የደበዘዙ ይሁኑ። በሁሉም ግድግዳ ላይ መስኮት ማብዛት ቤቱን ብርሃናማ ያደርገዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ዓይንን ግን ከየአቅጣጫው እየጠራ ያደክማል።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። ላዩን በሲሚንቶ ልስን ወይም በፕላስቲክ ቀለም ሲደፍኑት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ልስኑ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እየተፈነቀለ ይወድቃል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በሚወርድበት በባሕር ዳር አካባቢ ይህ የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ምርጊት በደቃቅ የጤፍ ጭድ ታሽቶ የሰነበተ ጭቃ ይሁን፤ በላዩ ላይ በውኃ ተፈትቶ የሰነበተ ኖራ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይቀባ። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ሻጋታም በቀላሉ አይይዘውም። ነጩ ብቻውን ዓይን የሚወጋ ከሆነብዎ በጥሩ ወንፊት የተነፋ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር ይጨመርበት፤ ሲደርቅ በጣም ስለሚነጣ አስቀድመው በጓሮ ግድግዳ ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና የሚቀባው ሰው ጓንትና መነጽር ሳያደርግ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ።

ወለሉን በተመለከተ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ሴራሚክ አልደግፈውም። የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ወደ ዓይን ይረጫል፣ እርጥብ እግር ያንሸራትታል፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድም ለባዶ እግር ጨካኝ ነው። በእጅ የተወለወለ ሊሾ፣ ወይም አቅም ከፈቀደ ያልተለሰለሰ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ፣ ከዳርቻው መልክ ጋር ይዋሐዳል። በላዩ ሰሌን ወይም የደንገል ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ኮርኒሱ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክፍል ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች መነጋገር ያቅታቸዋል። ለማረፊያ በተሠራ ቤት ውስጥ ይህን ድምፅ ማለዘብ የመብራቱን ቀለም ከመምረጥ በፊት የሚታሰብ ነው። ጂፕሰም ድምፁን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ትንሽ ፍሳሽ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ የእንጨት ቤት ደግሞ በእርጥበትና በድርቀት ስለሚንቀሳቀስ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። በአዊ ደጋ፣ በእንጅባራ አካባቢ፣ ከሚበቅለው ቀርከሃ የተሠራ ጥልፍ ኮርኒስ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ይላወሳል። በቀርከሃውና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውና አየር እንዲያልፍ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ይደረግለት። ከጥልፉ በላይ ወፍራም አቡጀዲ ቢወጠር አቧራውን ይይዛል፣ የዝናቡንም ድምፅ ጥቂት ያለዝባል፤ አያቶቻችን አቡጀዲን ኮርኒስ ሲያደርጉት የኖሩት በድህነት ብቻ አልነበረም። ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለጋው ስኳርና ስታርች ስለሚበዛበት ነቀዝ ይፈጀዋል። በቦሪክ አሲድና በቦራክስ ውኃ የተዘፈዘፈ ከሆነ ደግሞ ብዙ ዓመት ይቆያል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቦታው የተለመደ ቢሆንም ለቤት ውስጥ አይሆንም፤ ሽታው ከዓመት በኋላም አይለቅም።

ዕቃው ጥቂት ይሁን። ከሐይቁ መስኮት ሥር ግድግዳውን ተከትሎ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 70 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መደብ ያሠሩ፤ የጥጥ ፍራሽ ተዘርግቶበት፣ ጥለቱ ጠቆር ያለ የሽመና ልብስ ሲለብስ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ለሁለት የልጅ ልጆች መኝታ ይሆናል። ሁለት ሦስት የዋንዛ በርጩማ፣ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛና ለብርዱ ጊዜ የታጠፈ ጋቢና ቡሉኮ ይበቃል። ዋንዛው ከጥብቅ ደን የተቆረጠ እንዳይሆን ምንጩን ይጠይቁ፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ካገኙ ከአዲሱ ይልቅ እርሱን እመርጥልዎታለሁ፣ ደርቆ ስላለቀ አይጣመምም። ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ይራቅ፣ በሩም አየር የሚያስገባ ርብራብ ይሁን፤ በክረምት ልብስና መጽሐፍ የሚሻግተው ባብዛኛው አየር በማጣት ነው። ቴሌቪዥን የሚገባ ከሆነ ከሐይቁ መስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልጆች የትኛውን እንደሚመርጡ እርስዎ በማስተማር ዘመንዎ አይተውታል።

ባለ ቀለሙን መብራት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። የሐይቁ ጥቃቅን ዝንቦች በአንዳንድ ሌሊት እንደ ጢስ ተነሥተው ነጭና ደማቅ መብራት ወዳለበት ይጎርፋሉ። ዝቅ ብለው የተቀመጡ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉ ጥቂት መብራቶች እነርሱንም ይቀንሳሉ፣ የሰውንም ዓይን ለእንቅልፍ ያዘጋጃሉ። መስኮቶቹ ሁሉ የወንፊት ሽቦ ይኑራቸው። ባሕር ዳር የወባ አካባቢ ስለሆነች፣ በተለይም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አጎበር የግድ ነው፤ እንግዲያው እንደ ኋላ ጭማሪ በምስማር ከሚንጠለጠል ይልቅ ከኮርኒሱ ላይ ከአልጋው ጋር በተመጣጠነ የቀርከሃ ክፈፍ ይወጠር። ነጭ አጎበር በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ተዘርግቶ ሲታይ ራሱ ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ በኩል ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን አነስተኛ ቤት ሠርቻለሁ። በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት አድርጌዋለሁ። ከኅዳር ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይን ይወጋል፤ ሙቀቱም አያስቀምጥም። ከባድ መጋረጃ ብሰቅል ሐይቁ ይጠፋል። ምን ላድርግ?
አንድ ወጣት አንባቢ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመምህርቷ የሰጠሁት ምክር ለእርስዎ ተገልብጦ ይሠራል። ጎርጎራ በሰሜናዊው ዳርቻ ስለሆነች ሐይቁ በደቡብ በኩል ነው፤ በጋውን ሙሉ ፀሐይዋ የምትሄደውም በዚያው ነው። በታኅሣሥ ቀትር ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች፤ በዚህ ማዕዘን 1 ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ከሥሩ 1.40 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ መስታወትዎ 2.10 ሜትር ከፍታ ካለው ከላዩ የሚነሣ የ1.50 ሜትር በረንዳ የቀትሩን ፀሐይ ይመልስልዎታል። ለጠዋትና ለማምሻ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመጣ፣ በበረንዳው ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ጫፍ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የቀርከሃ ሰበዝ መጋረጃ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አድርገው ችግሩ በግማሽ ቢቀር አይደነቁ፤ ሌላው ግማሽ ከታች ነው የሚመጣው። ለማረጋገጥ መስታወቱ ፊት ይቁሙና መዳፍዎን ከቅንድብዎ በላይ አድርገው ይከልሉ፤ ቀጥሎም ከአፍንጫዎ በታች አድርገው ይከልሉ። በሁለተኛው ጊዜ ዓይንዎ ካረፈ የሚወጋዎት ከውኃው ላይ የሚንጸባረቀው ጨረር ነው፤ በኮርኒሱ ላይ ሲርገበገብ የሚያዩት ብርሃንም እርሱ ነው። ይህን የትኛውም የጣሪያ ክፈፍ አያስቀረውም። የመስታወቱ የታችኛው 70 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ በዚያ ቦታ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ቢሠራ፣ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1.10 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ሐይቁን፣ ደሴቶቹንና አድማሱን እንደ ቀድሞው ያያል፤ የሚከለልበት ለቤቱ ቅርብ የሆነውና ከሁሉ ይበልጥ የሚያበራው ውኃ ብቻ ነው። ግንቡን ለማሠራት የሚከብድ ከሆነ በበረንዳው ጠርዝ ላይ እኩያ ቁመት ያለው የቀርከሃ ርብራብ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ወለሉ ነጭ ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነም ጠቆር ያለ ምንጣፍ ያንጥፉበት፤ ያለበለዚያ የተረፈውን ጨረር መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ግንቡን ሲያሠሩ ላዩን ሰፋ አድርገው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢያለብሱት መቀመጫም ይሆናል፤ እንግዶችዎ ቡና ይዘው የሚያርፉት እዚያ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ፊት ለፊት ደንገል በቅሎ ሐይቁን ይሸፍንብናል። ቆርጠን እይታውን ብንከፍትና በቆረጥነው ደንገል የግድግዳ ልባስና ምንጣፍ ብናሠራስ? ሁለት ጥቅም ያለው መስሎናል።
ባልና ሚስት፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ

መልስ፦ እባካችሁ አትቁረጡት። ደንገሉ ከየብስ የሚወርደውን ደለል ያጣራል፣ ማዕበሉ ዳርቻውን እንዳይሸረሽር ይከላከላል፣ ለዓሣና ለወፍም መራቢያ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ ከተቆጠሩለት ሀብቶች አንዱ ይህ ረግረጋማ ዳርቻ ነበር። እምቦጭ በሐይቁ ላይ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን የቀረውን ደንገል መንከባከብ የዳርቻው ነዋሪ ሁሉ ድርሻ ነው። በዳርቻው ላይ ማናቸውንም ሥራ ከመጀመር በፊትም የሚመለከተውን የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ለእይታው ሌላ መንገድ አለ። ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ስለዚህ ዳርቻውን ዝቅ ከማድረግ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ ነው። በቤታችሁ ጎን 1.50 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ የሚሠራ የእንጨት ሰገነት የደንገሉን አናት ከፊታችሁ፣ ውኃውን ከማዶው ያደርግላችኋል። የደንገሉ ራስ በነፋስ ሲወዛወዝ የሚያሰማው ድምፅም ከአንድ ባዶ ዳርቻ የማይገኝ ነው፤ ሰው ለመረጋጋት ብሎ ወደ ሐይቅ ዳር ሲመጣ የሚፈልገው አንዱ እርሱ ይመስለኛል።

ምንጣፉንና የግድግዳውን ልባስ ታንኳ ሲሠሩ ከኖሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ግዙ። የትኛው ደንገል ለመቆረጥ እንደደረሰና የትኛው ሊተው እንደሚገባ እነርሱ ያውቃሉ፤ የምትከፍሉትም ገንዘብ ሙያው በልጆቻቸው እጅ እንዲቀጥል ይረዳል። ልባሱ በቀጥታ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ስስ እንጨቶች ላይ ተወጥሮ ከኋላው አየር ይለፍበት፤ ከወለሉም አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ስትገዙ ምንጣፉን ገልጣችሁ ከሥሩ አሽትቱት፤ የደረቀ ሣር ሽታ ካለው ውሰዱት፣ የረግረግ ሽታ ካለው ግን ገና አልደረቀምና ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ እንዲያቆዩላችሁ ለሠሪዎቹ ነግራችሁ ተመለሱ።